ስንት ቮልት ይበቃል? የራም የሃያ ዓመት ሙግት

ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ ራሜን ሳልጎዳው በየቀኑ ስንት ቮልት ልስጠው? ጥያቄዋ አጭር ስለሆነች መልሱም አጭር ይመስላል። አንዱ «ከ1.35 አትለፍ» ይላችኋል። ሌላው «እስከ 1.5 ምንም አይልም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ በ1.6 ሁለት ዓመት ነዳሁት፣ ይኸው እስካሁን ይሠራል» ብሎ ይምላል። የሚገርመው ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሃርድዌር እንጀራዬ አይደለም። ግን የምጽፈው ነገር ሁሉ ዲስክ ከመድረሱ በፊት የሚያርፈው ራም ላይ ነው። ለዚህ ነው ይህቺን ቁጥር ከየት እንደመጣች መከታተል የጀመርኩት። ያገኘሁትም ከቀመር ይልቅ ታሪክ ነው፤ ያውም ብዙ የተቃጠለ ነገር ያለበት ታሪክ። ባጭሩ ይህን ይላል፦ እያንዳንዱ የራም ትውልድ የራሱን ልክ የተማረው ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ያለፈው ትውልድ ልክ ደግሞ ለሚቀጥለው ሁልጊዜ ወጥመድ ሆኖ ቆይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳዳዋ ጣሳ

ነገሩ የሚጀምረው ከአይቢኤም መሐንዲሱ ሮበርት ዴናርድ ነው። በ1966 አንድ ቢት መረጃ በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ትንሽ ካፓሲተር ብቻ መያዝ እንደሚቻል አሰበ። የፈጠራ መብቱ በ1968 ተመዘገበለት። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው ራም በመሠረቱ ያው ሐሳብ በቢሊዮኖች ተባዝቶ ነው።

ካፓሲተሯን እንደ ጣሳ አስቧት። ውኃ ካለባት 1፣ ባዶ ከሆነች 0። ችግሩ ጣሳዋ ቀዳዳ ናት፤ ሁልጊዜ ታፈሳለች። ስለዚህ ራሙ ሥራ ባይኖረውም ቁጭ አይልም፤ በየ64 ሚሊሰከንዱ እያንዳንዷን ጣሳ አንብቦ መልሶ ይሞላታል። ቺፑ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ማፍሰሱ ስለሚፈጥን መሙላቱም በየ32 ሚሊሰከንዱ ይሆናል።

ቮልቴጅ እዚህ ውስጥ እንደ ውኃ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ትራንዚስተሮቹ ቶሎ ይከፈታሉ፣ ቶሎ ይዘጋሉ፤ በ1 እና በ0 መካከል ያለው ልዩነትም ቶሎ ይለያል። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው ራሙን ፋብሪካው ካሰበው በላይ ያስሮጠዋል፤ ወይ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ወይ የመጠበቂያ ጊዜውን ያሳጥራል። ጊዜ ሲያጥር ግፊት ካልተጨመረ ጣሳዋ ሳትሞላ ትነበባለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰውን የሚለቅም የለም።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን ግፊቱን አንጨምርም? መልሱን የሰጠው ያው ዴናርድ ነው። በ1974 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጽሑፍ፣ ትራንዚስተር በሁሉም አቅጣጫ ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ማነስ እንዳለበት አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በትራንዚስተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ስስ ግድግዳ አለ። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ግድግዳውም ይሳሳል። ለወፍራሙ ግድግዳ ምንም ያልነበረው ግፊት ስሱን ይሰነጥቀዋል።

ይህን ሕግ በራም ታሪክ ላይ ቁልጭ ብሎ ታዩታላችሁ። የድሮው ኤስዲራም 3.3 ቮልት ይጠቀም ነበር። ደረጃዎቹን የሚያወጣው የኢንዱስትሪው ማኅበር ጄዴክ ከዚያ በኋላ ለዲዲአር 2.5፣ ለዲዲአር2 1.8፣ ለዲዲአር3 1.5፣ ለዲዲአር4 1.2፣ በ2020 ለወጣው ዲዲአር5 ደግሞ 1.1 ቮልት ወሰነ። በየትውልዱ ቁጥሩ ወረደ። የኦቨርክሎከሮች ልማድ ግን አብሮ አልወረደም።

ጠጥቶ የማይሰክረው ቺፕ

የዚህ ልማድ አባት አንድ የታይዋን ቺፕ ነው ማለት ይቻላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዊንቦንድ የሚባለው ኩባንያ ቢኤች-5 የሚባል የዲዲአር ቺፕ ያመርት ነበር። ደረጃው 2.5 ቮልት ነው። ተጠቃሚዎች ግን አንድ ነገር አወቁ፦ ይህ ቺፕ ቮልቴጅ በተጨመረለት ቁጥር ይፈጥናል፤ በ3.2 ይሮጣል፣ በ3.5ም ይሮጣል፣ አይሞትም። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ያን ያህል መስጠት ስለማይችሉ ሰዎች ብየዳ ይዘው ቦርዱን ማስተካከል ጀመሩ። ቆይቶ ገበያው ራሱ ደረሰላቸው። የዲኤፍአይ ላንፓርቲ ማዘርቦርዶች ለራም እስከ 4 ቮልት ድረስ የሚሰጥ ምርጫ ይዘው መጡ።

እስኪ ይህን በዛሬ ሚዛን እናስላው። 3.5 ቮልት ከ2.5 በ40 በመቶ ይበልጣል። ዛሬ ዲዲአር5ን በ40 በመቶ እናሳድገው ብንል 1.54 ቮልት ይሆናል። ዲዲአር4ን ደግሞ 1.68። ሁለቱንም ቁጥሮች ለየቀኑ ሥራ የሚመክር ጤነኛ ሰው አታገኙም። ቢኤች-5 ግን ችሎ ስለኖረ አንድ ሙሉ ትውልድ የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ፦ ራም ቮልቴጅ ይወዳል፣ ስጠው። የአንድ ቺፕ ጠባይ የራም ሁሉ ጠባይ መሰለ።

ዕዳው በዲዲአር2 ጊዜ መጣ። በ2006 አካባቢ የዘመኑ ኮከብ የማይክሮን ዲ9 ቺፕ ነበር። ደረጃው 1.8 ቮልት ሆኖ ሳለ ሻጮች 2.1፣ 2.2፣ አንዳንዴም 2.4 ቮልት የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ይሸጡት ጀመር። ፈጣን ነበር፤ እውነት ነው። ግን ከወራት በኋላ ብዙዎቹ መሳሳት ጀመሩ። ትናንት የሠራው ፍጥነት ዛሬ አይሠራም። ቮልቴጅ ሲጨመር ለጥቂት ጊዜ ያገግማል፣ ከዚያ እንደገና ይወድቃል፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል።

ይህ «ቀስ እያለ መሞት» የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው አዲስ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፍርሃቱ ጭስ ነበር፤ ካልጨሰ ደህና ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከልክ ያለፈ ግፊት በዚያ ስስ ግድግዳ ውስጥ ትንንሽ ጉድለቶችን አንድ በአንድ ይፈጥራል። ጉድለቶቹ እየተጠራቀሙ ቆይተው አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ያኔ ግድግዳው ግድግዳ መሆኑ ያበቃል። ቮልቴጅ በትንሹ ሲጨምር የቺፑ ዕድሜ የሚያጥረው በትንሹ አይደለም፤ በብዙ እጥፍ ነው። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ዛሬ መሥራቱ ለነገ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ የተለጠፈችው ማስጠንቀቂያ

በኅዳር 2008 ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን ኮር አይ7 ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ የጨዋታው ሕግ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ በኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ራምን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ቺፕ ነበር። አሁን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገባ። ኤኤምዲ ይህን ከ2003 ጀምሮ አድርጎታል፤ ለኢንቴል ተጠቃሚዎች ግን አዲስ ነበር። ከዚህ ወዲያ ለራም የምትሰጡት ቮልቴጅ የውዱን ፕሮሰሰር በር የሚያንኳኳ ሆነ።

ችግሩ በወቅቱ ገበያ ላይ የነበሩት ፈጣን የዲዲአር3 ራሞች 1.8፣ 1.9፣ 2 ቮልት የሚሉ ነበሩ። ኢንቴል ከ1.65 በላይ እንዳትሄዱ አለ። 1.65 ማለት የደረጃው 1.5 እና አሥር በመቶ ጭማሪ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ የራም ማስገቢያዎቹ ላይ «ከ1.65 ቮልት በላይ ፕሮሰሰሩን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባቸው ነበር። ራም ሻጮችም በወራት ውስጥ ሳጥናቸውን ቀይረው 1.65 የሚል ምርት ይዘው ብቅ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደህና ቮልቴጅ» የሚለው ጥያቄ ሁለት ሆነ፦ ለራሙ ደህና የሆነ ስንት ነው? ለፕሮሰሰሩስ? ሁለቱ መልሶች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

በ2009 ሦስተኛ ትምህርት ተጨመረ። ኤልፒዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሃይፐር» በሚል ስም የሚታወቅ የዲዲአር3 ቺፕ አውጥቶ በፍጥነቱ ሁሉን አስደነቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ብዙ ተጠቃሚዎች ቺፑ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው 1.65 ቮልት እንኳ እየሞተባቸው መሆኑን መናገር ጀመሩ። ከሻጩ ቁጥር አላለፉም፤ ሆኖም ሞተ። ያኔ ነው ሳጥን ላይ ያለ ቁጥር የሻጭ ተስፋ እንጂ የፊዚክስ ምስክር እንዳልሆነ ሰው የገባው።

አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚረሳው ቁልፍ

እስከ ዲዲአር3 ድረስ ቮልቴጅ የሚጨምረው የሚያደርገውን የሚያውቅ፣ ወይም ቢያንስ የሚያደርገውን የመረጠ ሰው ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ኢንቴል በ2007 ኤክስኤምፒ የሚባል አሠራር አመጣ። ራሙ በውስጡ ባለች ትንሽ ማኅደር «እኔ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ቮልቴጅ እሮጣለሁ» የሚል ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ባዮስ ውስጥ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉም በአንዴ ይተገበራል። ኤኤምዲም በ2022 ኤክስፖ የሚባል የራሱን አወጣ። ሁለቱም ኩባንያዎች ይህን ቁልፍ መጫን እንደ ኦቨርክሎክ ይቆጥሩታል፤ የዋስትና ጽሑፋቸውም ይህንኑ ይላል። ቁልፉን የሚጫነው ተጠቃሚ ግን ኦቨርክሎክ ያደረገ አይመስለውም፤ የገዛውን ፍጥነት ያገኘ ነው የሚመስለው።

በዲዲአር4 ዘመን የዚህ ቁልፍ የተለመደ ቁጥር 1.35 ቮልት ሆነ። ከ1.2 ጋር ሲነጻጸር 12.5 በመቶ ብቻ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግን የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። በ1.5 ቮልት ደግሞ 56 በመቶ። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀት ደግሞ ጣሳዋን ቶሎ ያፈሳታል። የዘመኑ ኮከብ የሳምሰንግ ቢ-ዳይ ቺፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደ ድሮው ቢኤች-5 ቮልቴጅ በጨመሩለት ቁጥር ይፈጥናል፤ ሲሞቅ ግን መሳሳት ይጀምራል። 1.5 ላይ በማለዳ ፈተና ያለፈ ራም ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ሲሞቅና ግራፊክስ ካርዱ ከጎኑ ሲግል፣ ይወድቃል።

ጄዴክ ለዲዲአር4 የጻፈው ደረጃ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ብዙ ክርክር የሚነሳውም ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። የመጀመሪያው የሥራ ክልል ነው፤ ከ1.14 እስከ 1.26 ቮልት። ሁለተኛው «ፍጹም ጣሪያ» የሚባለው 1.5 ቮልት ነው። ሁለተኛውን ያየ ሰው «ይኸው እስከ 1.5 ተፈቅዷል» ይላል። አልተፈቀደም። ፍጹም ጣሪያ ማለት ከዚህ ካለፈ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በትክክል ይሠራል ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ እዚያ አካባቢ መቆየትም ዕድሜን ሊያሳጥር እንደሚችል ደረጃው ራሱ ይጠቅሳል። የድልድይ ጫፍ ላይ ያለ አጥር የመኪና መንገድ እንዳልሆነው ማለት ነው። ለዲዲአር5 ጣሪያው 1.4 ቮልት ሲሆን 1.35 እና 1.4 የተጻፈባቸው ራሞች በገበያ ሞልተዋል። አጥሩን ታክከው የሚነዱ ናቸው።

የቁልፉ አደጋ በሙሉ የታየው በኤፕሪል 2023 ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይም 7800ኤክስ3ዲ፣ ሶኬታቸው ውስጥ እንዳሉ አብጠውና ተቃጥለው የሚያሳዩ ፎቶዎች ወጡ። ምርመራው ወደ አንድ ስሙ ብዙ ወደማይነሳ ቮልቴጅ አመራ፦ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የራም መቆጣጠሪያ የሚመግበው፣ ኤስኦሲ የሚባለው። ተጠቃሚው ኤክስፖን ሲያበራ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ይህን ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉት ነበር። ኤኤምዲ በአዲስ የባዮስ ኮድ 1.3 ቮልት ላይ ቆለፈው። የራሙ ቮልቴጅ ምንም አልነበረም፤ የሞተው ራሙን ለማስሮጥ ሲባል አብሮ የተገፋው ክፍል ነው። የ2008ቷ ማስጠንቀቂያ ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ በር ተመልሳ መጣች።

ደህና ማለት ለማን?

እስካሁን ያወራነው ስለ ቺፕ ሞት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይሞተው ራም ነው። የሞተ ራም ይታወቃል፤ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ትቀይሩታላችሁ። በጠርዝ ላይ ያለ ራም ግን ይሠራል፤ አልፎ አልፎ አንዲት ጣሳ በስህተት ያነባል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

በ1990ዎቹ ሊነክስን ከምንጭ ኮዱ የሚገነቡ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ኮምፓይለሩ መሃል ላይ «ሲግናል 11» ብሎ ይወድቃል፤ እንደገና ሲጀመር ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ኮዱ ላይ ስህተት ቢኖር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር የሚወድቀው። ቦታው ከተቀያየረ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራም ነው። እነዚያ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ወድቆ ነገራቸው። የተገለበጠችው ቢት የወደቀችው በፎቶ፣ በዳታቤዝ ረድፍ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነግራቸውም ነበር። ፋይሉ ተበላሽቶ ይቀመጣል፤ ባክአፑም የተበላሸውን በታማኝነት ይገለብጣል።

ይህ የጥቂቶች ችግር እንዳይመስላችሁ። በ2009 የጎግል ሰርቨሮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ሊታረም የሚችል የራም ስህተት እንዳጋጠማቸው አገኙ። እነዚያ ሰርቨሮች ኦቨርክሎክ አልተደረጉም፤ ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራምም ነበራቸው። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር በአብዛኛው የለውም። ዲዲአር5 በቺፑ ውስጥ የራሱ ማረሚያ አለው፤ ከቺፑ ወጥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚሄደው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት ግን አይዝም። ኦቨርክሎክ ሲደረግ ይበልጥ የሚጨነቀው ደግሞ ያው መንገድ ነው።

ስለዚህ «በ1.6 ሁለት ዓመት ነዳሁት» ለሚለው ሰው ያለኝ ጥያቄ «እስካሁን አለ ወይ?» የሚል አይደለም። «በምን አወቅህ ልክ እንደሆነ?» የሚል ነው። ጌም ከሆነ የሚጫወትበት፣ አንድ የተሳሳተ ፒክስል ማንንም አይገድልም። ሥራው፣ የደንበኛው ገንዘብ ወይም የልጅነት ፎቶው እዚያ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በተለይ እንደኛ ራሙን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣ ሰው፣ ሲበላሽ ለዋስትና መልሶ የሚልክበት ቀላል መንገድ የለውም። የቁጥሩ ዋጋ እንደየሰዉ ይለያያል።

ለመሆኑ ምን እናተርፋለን?

አሁን ሒሳቡን እንዝጋው። የ2000ዎቹ ኦቨርክሎከር የሚመካበት ዲዲአር-400 ራም በሁለት ዙር ይመልስ ነበር፤ ይህ በጊዜ ሲሰላ 10 ናኖሰከንድ ነው። ዛሬ የሚመረጠው ዲዲአር4-3200 በ16 ዙር ይመልሳል፤ እሱም 10 ናኖሰከንድ። ዲዲአር5-6000 በ30 ዙር? አሁንም 10 ናኖሰከንድ። በአንዴ የሚጓዘው መረጃ ወደ 15 እጥፍ አድጓል፤ የመጀመሪያዋን ቃል ለማግኘት የምንጠብቀው ጊዜ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ባለበት ቆሟል። ያው የዴናርድ ጣሳ ነው፤ ለመነበብ የሚፈልገው ጊዜ አለው።

ደረጃውን የጠበቀ፣ በ1.2 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ዲዲአር4-3200 በ22 ዙር፣ ማለትም በ13.75 ናኖሰከንድ ይመልሳል። እንግዲህ 1.35 ቮልት የምንከፍልባት ነገር 3.75 ናኖሰከንድ ናት። አንዳንዴ ታዋጣለች። እኔም በዲዲአር4 ላይ 1.35ን የምፈራበት ምክንያት አይታየኝም፤ ገበያው ሁሉ ለዓመታት ኖሮበታል። 1.4 እና 1.45 ቺፑን ለሚያውቅና አየር ለሚያገኝ ራም ነው። 1.5 አጥሩ ነው። በዲዲአር5 ላይ ደግሞ 1.35 ድረስ የተለመደ ሲሆን 1.4 አጥሩ ነው። ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ ካበራችሁ ባዮሱ አብሮ ምን እንደጨመረ፣ በተለይ የፕሮሰሰሩን በኩል፣ ገብታችሁ አንብቡ። ከዚያ ሜምቴስት86ን ሌሊቱን ሙሉ አስኬዱት፤ ክፍሉ በሚሞቅበት ሰዓትም ድገሙት። አንድ ስህተት እንኳ ከወጣ «አንድ ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ፍጥነቱን ቀንሱ።

ዴናርድ በ2024 በ91 ዓመቱ አረፈ። ራሙን የሠራው እሱ ነው፤ ሲያንስ ግፊቱም ይነስ ያለውም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ወስደን ሁለተኛውን ለመርሳት ሃያ ዓመት ሞከርን። ቀጣዩ ትውልድ ራም ሲወጣ ቁጥሩ ከ1.1ም ሊወርድ ይችላል፤ ያኔም አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ ዲዲአር5ን በ1.45 ነድቼዋለሁ፣ ይኼም ይችላል» ማለቱ አይቀርም። እናንተ አዲሱ ስንት ናኖሰከንድ እንደሚያተርፍ አስሉና ከዚያ ወስኑ።